ቆርቆሮ ያልነበረው ቆርቆሮ

በ1556 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አንድ ትልቅ የላቲን መጽሐፍ ታተመ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ደ ሬ ሜታሊካ» ይባላል። ነገሩ ሁሉ ስለ ማዕድን ነው፦ ተራራ ውስጥ የተደበቀውን የማዕድን ጅማት እንዴት እንደሚያገኙት፣ ጉድጓዱን እንዴት እንደሚቆፍሩት፣ ውሃውን በምን እንደሚያወጡት፣ ድንጋዩን እንዴት ፈጭተው፣ አጥበውና አቅልጠው ብርና መዳብ እንደሚያደርጉት። ደራሲው ጆርጂየስ አግሪኮላ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ሥራው ታትሞ አላየውም፤ በእንጨት ላይ የሚቀረጹት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ወስደው ኅትመቱ ሲዘገይ፣ እሱ ከአንድ ዓመት በፊት አርፏል።

መጽሐፉ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአውሮፓ ማዕድን ቆፋሪዎች ዋና መምሪያ ሆነ። በእንግሊዝኛ ግን አልነበረም። ሃያኛው መቶ ዘመን ሲገባ፣ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አውስትራሊያ ማዕድን የሚያወጡት ኩባንያዎች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆኑበት ጊዜ እንኳ፣ የሙያቸውን ትልቅ መጽሐፍ የሚያነብላቸው አልተገኘም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ላቲን የሚያውቀው ምሁር ማዕድን አያውቅም፤ ማዕድን የሚያውቀው መሐንዲስ ላቲን አያውቅም።

ሁለቱን ያወቀች አንዲት ሴት ተገኘች። ስሟ ሉ ሄንሪ ነው። ኋላ የአሜሪካ 31ኛ ፕሬዚዳንት የሄርበርት ሁቨር ሚስት ሆና ኋይት ሐውስ ገባች፤ የታሪክ መጻሕፍትም የሚያነሷት በዚሁ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት የምደርሰው ዘግይቼ ነው፤ ዋናው ነገር የተፈጸመው ከዚያ በፊት ነውና።

ሉ በ1874 በአዮዋ ግዛት በዋተርሉ ከተማ ተወለደች። አባቷ ቻርለስ ሄንሪ የባንክ ሰው ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ወይም በሉ ምክንያት የወንድ ልጅ ናፍቆት አልነበረበትም ማለት ይሻላል። ገና ልጅ ሳለች ጫካ ይዟት ይወጣል፣ ፈረስ ያስጋልባታል፣ ድንኳን መትከልና ዓሣ ማጥመድ ያስተምራታል። ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ሲዛወር መስኩና ተራራው በረከተላት። ነገር ግን ለጨዋ ልጅ የተከፈተው የሥራ በር አንድ ነበር፤ አስተማሪነት። እሷም በሎስ አንጀለስና በሳን ሆሴ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ተምራ በ1893 የማስተማር ምስክር ወረቀት ያዘች።

በማግሥቱ ዓመት በባሕር ዳር በምትገኘው ፓሲፊክ ግሮቭ አንድ ንግግር ሰማች። ተናጋሪው በአዲሱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ጆን ካስፐር ብራነር ነው፤ ያወራውም ስለ ምድር አጥንቶች ነው። በእግሯ የረገጠችው፣ በፈረስ የጋለበችበት ተራራ እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ትምህርት መኖሩን ያን ቀን አወቀች። ሴት ልጅ ይህን ትማራለችን ብላ ጠየቀች፤ ትማራለች ተባለች። በ1894 መገባደጃ ስታንፎርድ ገባች፤ በጂኦሎጂ ክፍል ብቸኛዋ ሴት ሆነች።

ያን ዘመን ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። ከእሷ ጥቂት ቀደም ብላ ፍሎረንስ ባስኮም የምትባል አሜሪካዊት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ስትማር፣ ወንዶቹን እንዳታዘናጋ ተብሎ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣ እንድታዳምጥ ተደርጋ ነበር። ባስኮም በ1893 የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች፤ በ1896 ደግሞ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ተቀጣሪ ሆነች። መንገዱ ይህን ያህል ጠባብ ነበር።

በብራነር ላቦራቶሪ የሉ ዐይን ያረፈው ድንጋዩ ላይ ብቻ አልነበረም። የፕሮፌሰሩ ረዳት ሄርበርት ሁቨር የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። እሱም የአዮዋ ልጅ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ እናትም አባትም አልነበረውም፤ የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው እየሠራ ነው። ዝምተኛ፣ ዐይን አፋር ልጅ ነበር። በ1895 ተመርቆ ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራው በካሊፎርኒያ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ተራ የጉልበት ሥራ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ የለንደን ድርጅት ቀጥሮት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ በረሃ ሄደ።

ሉ በ1898 በጂኦሎጂ ዲግሪዋን ይዛ ወጣች፤ በስታንፎርድ በዚህ ትምህርት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዲግሪው ግን ማዕድን ማውጫ አላስገባትም። ሴት ጉድጓድ ከገባች ገድ አይቀናም የሚለው እምነት በብዙ የማዕድን አገሮች ገና ጠንካራ ነበር፤ ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ከእምነቱ የተሻለ ሐሳብ አልነበራቸውም። በዚህ መሐል ሄርበርት ወደ ቻይና ሊዛወር ሆነ፤ ደመወዙም ሚስት የሚያኖር ሆነ። ከአውስትራሊያ የጋብቻ ጥያቄውን በቴሌግራም ላከ። መልሱም በቴሌግራም ሄደ። የካቲት 10 ቀን 1899 ሞንተሬይ በወላጆቿ ቤት ተጋቡ፤ በከተማው የፕሮቴስታንት ቄስ ስላልተገኘ ያጋባቸው ካቶሊክ ቄስ ነው። በማግሥቱ መርከብ ተሳፈሩ።

ስለ ቻይና ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለኔ ታሪክ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ሄርበርት የቻይና መንግሥት የማዕድን መሐንዲስ ሆኖ የድንጋይ ከሰልና የወርቅ ቦታ ሲመረምር፣ ሉ ቲያንጂን ከተማ ተቀምጣ የማንደሪን ቋንቋ መማር ያዘች። በ1900 ክረምት የቦክሰሮች አመፅ ሲነሣና የውጭ ሰዎች ሰፈር አንድ ወር ያህል በመድፍ ሲደበደብ፣ የስኳርና የእህል ጆንያ ምሽግ ሆነ። እሷ ሽጉጥ ታጥቃ በብስክሌት ሆስፒታል ትመላለስ ነበር፤ አንድ ቀን የብስክሌቷን ጎማ ጥይት መታው። ይህን የሚተርኩ ሁሉ ጀግንነቷን ያደንቃሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ማንደሪንን ይዛ ቀረች፤ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ቀዳማዊት እመቤት ስትሆን እሷና ባሏ ኋይት ሐውስ ውስጥ ሰው እንዳይሰማባቸው ሲፈልጉ በቻይንኛ ይነጋገሩ ነበር። የማይታወቅ ቋንቋ አያስፈራትም ነበር ማለት ነው። ይህ ጠባይ ለንደን ላይ ይፈለግ ነበር።

ለንደን የገቡት በአዲሱ መቶ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ሄርበርት በዓለም ዙሪያ እየዞረ የደከሙ ማዕድን ማውጫዎችን የሚያነሣ መሐንዲስ ሆኗል፤ ገንዘብም ገብቷል። በ1903 ሄርበርት ትንሹ፣ በ1907 አለን የተባሉ ወንዶች ልጆች እዚያው ተወለዱላቸው። በኬንሲንግተን ሰፈር ቀዩ ቤት የሚባለው መኖሪያቸው ለአሜሪካውያን መሐንዲሶች የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ነበር። አለን በተወለደበት ዓመት ገደማ ባልና ሚስቱ የአግሪኮላን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ተነሡ።

ይህን ሥራ ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። ለአምስት ዓመት በትርፍ ጊዜያቸው፣ በአብዛኛው በሌሊት ሠሩት። ሀብት ባይኖራቸው ኖሮ አይሞከርም ነበር፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ሞግዚት ያለው፣ የመጻሕፍት ዋጋ የማያሳስበው ቤት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነበር፤ አግሪኮላን የተረጎመ ግን አልነበረም።

ችግሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። አግሪኮላ የጻፈው በላቲን ነው፤ ላቲን ግን የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑን ካቆመ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ሮማውያን ስለ ማዕድን ብዙ ቃል አልተዉም፤ በአግሪኮላ ዘመን በጀርመን ተራሮች የሚሠራበት መሣሪያና ዘዴ ደግሞ ሮማውያን ያላዩት ነው። በግዕዝ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ውሃ ፓምፕ አገጣጠም ልጻፍ ብሎ የተነሣ የቅኔ መምህር ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ነው። ቃል ይፈጥራል፤ ወይም አሮጌውን ቃል ወስዶ አዲስ ነገር ያሸክመዋል። አግሪኮላም ያደረገው ይህንን ነው። በመቶ የሚቆጠሩ አነጋገሮችን ራሱ ፈጠረ። የሚያነበው ሰው ቃሉን በመዝገበ ቃላት ቢፈልገው ወይ አያገኘውም፤ ወይም፣ ይህ የባሰው ነው፣ ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል።

ለምሳሌ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚመላለስ ውሻ ይጽፋል። ውሻው እንስሳ አይደለም። ማዕድን የሚጫንበት ትንሽ ጋሪ ነው፤ ሲንከባለል የሚያሰማው ድምፅ እንደ ውሻ ጩኸት ነው ብለው ቆፋሪዎቹ በዚያ ስም ስለሚጠሩት እሱም ቃሉን ወደ ላቲን መለሰው። እዚህ ላይ ደግነቱ ራሱ አብራርቶታል። ሁልጊዜ ግን አያብራራም።

እርዳታ የሚሆን ነገር አልጠፋም ነበር። አግሪኮላ በ1546 የላቲን ቃላቱን ከጀርመንኛ አቻዎቻቸው ጋር የደረደረበት ዝርዝር አሳትሞ ነበር። ግን ዝርዝሩ ሁሉን አያካትትም፤ የጀርመንኛ ቃላቱም ቢሆኑ የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የቆፋሪዎች ቋንቋ በመሆናቸው እነሱ ራሳቸው ፍቺ ይሻሉ። በ1557 የወጣ የጀርመንኛ ትርጉምም ነበር። ተርጓሚው የባዝል ምሁር እንጂ የማዕድን ሰው አልነበረም፤ ሁቨሮች ሥራውን ሲመረምሩት የማይታመን ሆኖ አገኙት። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ቃሉን ከቃል ጋር ከማስተያየት ይልቅ፣ ቃሉ የሚሠራውን ሥራ መከተል።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። ከመጽሐፉ አሥራ ሁለት ክፍሎች አሥራ አንደኛው ብርን ከመዳብ ስለ መለየት ይናገራል። ብዙ የመዳብ ማዕድን በውስጡ ጥቂት ብር ይይዛል፤ ብሩን ጥሎ መዳቡን ብቻ መሸጥ ኪሳራ ነው። አግሪኮላ የሚገልጸው ዘዴ ይህ ነው፦ መዳቡን ከእርሳስ ጋር አቅልጠው እንደ ወፍራም ቂጣ ያደርጉታል። ቂጣውን ቀስ ብለው ያሞቁታል። ከቂጣው ፈሳሽ ብረት እየተንጠባጠበ ይወጣል። ይህን የወጣውን ነገር ደራሲው «ስታኑም» ብሎ ይጠራዋል።

ስታኑም ምንድን ነው? በላቲን መዝገበ ቃላት የተለመደው ፍቺ ቆርቆሮ ነው። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ደግሞ መዝገበ ቃላት እንኳ አያስፈልገውም፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ በሚሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ የቆርቆሮ ምልክት ኤስ ኤን የሆነው ስታኑም ከሚለው ቃል ተወስዶ ነው። ስለዚህ የላቲን ምሁሩም ኬሚስቱም ተስማምተው ቆርቆሮ ብለው ይተረጉማሉ፤ ሁለቱም ተያይዘው ይሳሳታሉ።

እቶኑ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ይጠይቃል። ወደ እሳቱ የገባው መዳብና እርሳስ ነው፤ ቆርቆሮ ከየት መጣ? ደግሞስ ቀጥሎ የሚሆነውን ይመለከታል። ስታኑሙን ወደ ሌላ ምድጃ ይወስዱታል፤ እያቀለጡ በወናፍ ንፋስ ይነፉበታል፤ በመጨረሻ ንጹሕ ብር ይቀራል። በዚህ አሠራር ብር የሚለየው ከእርሳስ ነው። እርሳስ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ወደ ቢጫ ዝቃጭ ይለወጥና ይፈስሳል፤ ብር አይለወጥም፣ ይቀመጣል።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ኋላ መልሶ ማንበብ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ መዳብ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። ቂጣው በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ እርሳሱ ቀልጦ ይወጣል፤ መዳቡ ጠጣር እንደሆነ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ ይቀራል። ብር ደግሞ ከመዳብ ይልቅ ወደ እርሳስ ስለሚያደላ አብሮ ይወርዳል። ከቂጣው የተንጠባጠበው ነገር ብር ያዘለ እርሳስ ነው። አግሪኮላ ስታኑም የሚለውም ይህንኑ ነው።

ታዲያ አግሪኮላ ቆርቆሮን ምን ብሎ ይጠራዋል? ነጭ እርሳስ ይለዋል። እርሳሱን ራሱን ጥቁር እርሳስ ይለዋል። ዛሬ ቢስሙት የምንለውን ደግሞ አመድማ እርሳስ ይለዋል። መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ተርጓሚ ሦስት ዓይነት እርሳስና አንድ ያልነበረ ቆርቆሮ ያለበት መጽሐፍ ያወጣ ነበር፤ እሱን አምኖ እቶን የሚያነድ ሰውም ብሩን ያጣ ነበር። ሁሉ ነገር የሚገጥመው ስታኑም ብር ያለበት እርሳስ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የሰዋስው ችሎታ አይበቃም፤ የማዕድን ችሎታም ብቻውን አይበቃም።

በሥራ ክፍፍሉ ላይ ግምገማዬን ልናገር። የሄርበርት ላቲን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ቋንቋው በዋናነት የሉ ነበር። እሱ ከማዕድን ማውጫ ሕይወቱ ያካበተውን ወደ ግርጌ ማስታወሻዎቹ አፈሰሰው፤ ማስታወሻዎቹም በብዙ ገጾች ከዋናው ጽሑፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ እሷ ቃሉን፣ እሱ ነገሩን ያዙ ሊባል ይመስላል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። እሷም የብራነር ተማሪ ናት፤ ድንጋይ ሰብራ፣ በእሳት ፈትና ያየች ናት። ስታኑም ቆርቆሮ ሊሆን እንደማይችል ለመጠርጠር ላቲኑንም ኬሚስትሪውንም በአንድ ጭንቅላት መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ቤት ሁለቱን የያዘው ጭንቅላት የሷ ነው። ቃሉ ብቻውን አልፈታ ሲላቸውም አንዳንዱን ሂደት በላቦራቶሪ አስሞክረው፣ የሚወጣውን አይተው ነው የወሰኑት።

በየገጹ የሚያነቡት ሰው ደግሞ ደረቅ አልነበረም። አግሪኮላ ሐኪም ሆኖ በ1527 የተቀጠረው ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በሚገኘው የዮአኪምስታል የብር ከተማ ነው። ከዚያ ሸለቆ በወጣው ብር የተመታው ገንዘብ ዮአኪምስታለር ተባለ፤ ሲያጥር ታለር ሆነ። ዶላር የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ የተገበያዩበት የማሪያ ትሬዛ ታለርም ስሙን የወረሰው ከዚያው ነው። አግሪኮላ በዚያች ከተማ የቆፋሪዎቹን ሳንባ አዳመጠ። በካርፓቲያን ተራሮች ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንዳሉ ይጽፋል፤ ሰባቱንም ባሎች የጨረሳቸው የጉድጓዱ አቧራ ነው። ማዕድን በመንታ በትር መፈለግ የሚባለውን አስማት ደግሞ ይዘረዝርና፣ ዐዋቂ ሰው የምድሩን ምልክት አይቶ ይቆፍራል እንጂ በበትር አይታለልም ይላል። ነገሩን በዐይኑ ሳያይ የማይጽፍ ሰው ነበር። ሉ አምስት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ማሳለፏ ያስቀናኛል።

ሥዕሎቹንም መተው አይቻልም። መንኰራኩሩ፣ ወናፉ፣ ውሃ መሳቢያው፣ መሰላል የሚወርደው ሰው ሁሉ በዝርዝር ተቀርጸዋል፤ በየክፍላቸውም ፊደል ተጽፎባቸው ከሥር ማብራሪያ አላቸው። ቃሉ አልገባ ሲል ሥዕሉ ይናገራል። ሁቨሮች ሥዕሎቹን አንድም ሳያስቀሩ እንደ መጀመሪያው አሠራራቸው አሳተሟቸው።

በ1912 «ዘ ማይኒንግ ማጋዚን» የተባለው የለንደን መጽሔት መጽሐፉን አወጣው። የታተመው 3,000 ቅጂ ነው። የተሸጠው ወጪውን በማይሸፍን ዋጋ ሲሆን፣ ብዙውን ባልና ሚስቱ ለወዳጆችና ለሙያው ሰዎች በስጦታ አደሉት። መታሰቢያነቱ ለፕሮፌሰር ብራነር ሆነ። በርእስ ገጹ ላይ ሁለቱም ስሞች ከነማዕረጋቸው ሰፍረዋል፤ የሉ ሄንሪ ሁቨር ስም ከነስታንፎርድ ዲግሪዋ ከባሏ ስም ቀጥሎ አለ። በዚያው ዓመት እሷ ብቻዋን ስለ እንግሊዛዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ስለ ጆን ሚልን የጻፈችው ጽሑፍ በአሜሪካ የሴይስሞሎጂ ማኅበር መጽሔት ወጣ። በ1914 ደግሞ የአሜሪካ የማዕድንና የብረታ ብረት ማኅበር የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያውን ለባልና ሚስቱ በጋራ ሰጠ።

በዚያው በ1914 ጦርነት ተነሣ፤ የሳይንስ ሕይወቷም በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል። ሄርበርት በጀርመን ጦር የተያዘችውን ቤልጂየም የመመገቡን ትልቅ ሥራ ሲይዝ፣ እሷ ገንዘብ ታሰባስብ፣ ለንደን የቀሩ አሜሪካውያንን ትረዳ ጀመር። የቤልጂየሙ ንጉሥ አልበርት ሸለሟት። ቀጥሎ የልጃገረድ ስካውቶች ፕሬዚዳንት፣ የሴቶች ስፖርት አደራጅ ሆነች፤ በስታንፎርድ ግቢ የቤተሰቡን ቤት ራሷ አስባ አሠራች። ባሏ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1928 ምርጫ አሸነፈ።

ኋይት ሐውስ አራት ዓመት ቆየች፤ ከ1929 እስከ 1933። ገና በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ ለምክር ቤት አባላት ሚስቶች በተደረገው የሻይ ግብዣ የጥቁሩን የምክር ቤት አባል የኦስካር ደ ፕሪስትን ሚስት ጄሲን ጋበዘች። ሌሎቹ እንግዶች እንዳያሳፍሯት ቀኑን ለይታ፣ ሰዎቹን መርጣ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤትና ሌሎች የደቡብ ግዛቶች ሹማምንት በይፋ አወገዟት። መልስ አልሰጠችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። በአገር አቀፍ ሬዲዮ አዘውትራ የተናገረች የመጀመሪያዋ ቀዳማዊት እመቤትም እሷ ናት። ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ሥራ አጥ የሚጠለልበት የካርቶንና የቆርቆሮ ሰፈር በባሏ ስም ሁቨርቪል ተባለ፤ ስሟም ከስሙ ጋር አብሮ ወረደ።

በእነዚያ ዓመታት ካደረገችው ሁሉ የድሮዋን ሉ የማይበት አንድ ነገር አለ። የኋይት ሐውስን ዕቃ አንድ በአንድ ማስመዝገብ ጀመረች፦ ይህ ወንበር መቼ ገባ፣ ማን አሠራው፣ ይህ ጠረጴዛ በእርግጥ የዚያ ፕሬዚዳንት ነውን? በወግ የተነገረው ለሷ አይበቃም፤ ሰነዱን ትፈልጋለች። ስታኑም ቆርቆሮ ነው ቢሏት ያላመነች ሴት፣ ወንበሩ የእንትና ነው ቢሏት ለምን ታምናለች?

ጥር 7 ቀን 1944 ኒውዮርክ ላይ በልብ ሕመም በድንገት አረፈች። ባሏ ዕቃዋን ሲያገላብጥ ብዙ ቼክ አገኘ። በችግራቸው ጊዜ ብድር ብላ የረዳቻቸው ሰዎች ዕዳቸውን የከፈሉበት ነው፤ አንዱንም አልመነዘረችውም ነበር።

የአግሪኮላ ትርጉም በ1950 በኒውዮርኩ ዶቨር አሳታሚ እንደገና ታትሞ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፉን ማንበብ የሚፈልግ የታሪክ ተመራማሪም የብረታ ብረት መሐንዲስም የሚጠቅሰው እሱኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «የሁቨር ትርጉም» ተብሎ በአንድ ሰው ስም ይጠቀሳል። እንዲህ ተጽፎ ያየ አንባቢ የርእስ ገጹን ይግለጥና ሁለተኛውን ስም ያንብብ።